ፒያኖው በጆሮዬ ብቻ ነበር

እናቴ አሳዛኝ ዘፈን አትወድም ብል ያንሳል፤ ትፈራዋለች። በቤቷ ውስጥ አገጭን በእጅ ደግፎ መቀመጥ ክልክል ነው፤ እጅን አናት ላይ መጫንማ አይታሰብም። "ማንን ልትጠሪብኝ ነው?" ትላለች፣ እጄን መታ አድርጋ እያወረደች። በእሷ እምነት ሀዘን ስሙን ሲሰማ ከተፍ የሚል እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ስሙ አይጠራም፣ ዜማውም አይዜምም። ከዚህች ሴት ሆድ ወጥቼ እኔ የመረጥኩት ሙያ ደግሞ ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ፈረንሳዮች በፒያኖ እየታጀበ እንዲታዘንበት የጻፉትን ዘፈን መዝፈን ነው። እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው።

ሙያ ስል ራሴን እያባበልኩ ነው። እንጀራዬ ቡታጅራ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ዘፈኖቹን የተማርኩት አዲስ አበባ ሙዚቃ ሳጠና፣ ፊቷ የማይፈታ ካንዲት የውጭ አገር ሴትዮ ነው። "አታልቅሺ" ትለኝ ነበር፤ "ማልቀስ ያለበት ሰሚው ነው።" ትምህርቴን ስጨርስ አባቴ ሞተ፣ እናቴ ብቻዋን ቀረች፣ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ፈረንሳዮቹ ግን አልለቀቁኝም። ወልቂጤ ለመምህራን ስልጠና በሄድኩ ቁጥር ሚኒባስ ውስጥ በሆዴ እለማመዳለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ አባት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ጸሎት መስሏቸው "አሜን" ብለውኛል።

ይህ ታሪክ በሆነበት ቅዳሜ የምቀዳው ዘፈን አጭር ነው። አንዲት ሴት ጥሏት የሄደን ሰው ተመለስ ትለዋለች። አትወቅሰውም፣ አትረግመውም። ተመለስ፣ የት እንደነበርክ አልጠይቅህም፣ በሩን ብቻ ክፈት ትለዋለች፤ ይኸው ነው። ተመለስ የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ድምፁ እየወረደ፣ እየሳሳ። ፒያኖው ግን አያለቅስም። ከዘፋኟ በፊት ተነስቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንደሚል ሰው፣ በአንድ እርምጃ ይሄዳል። የዘፈኑ ጥበብ እዚያ ላይ ነው፤ ፒያኖው ስለሚረጋ ነው ድምፅ እንደልቡ ማዘን የሚችለው። ፒያኖውን ካወጣችሁት የሚቀረው የአንዲት ሴት ዋይታ ነው። ይህን ከአስተማሪዬ ሰምቼ አውቀው ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ አነስተኛ የሙዚቃ ምሽት ዘፋኞች ይመረጡ ነበር፤ መመዘኛው የፈረንሳይ ዘፈን ቀድቶ መላክ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ፒያኖ አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ አንዲት ፒያኖ የምትጫወት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ የእሷን ድርሻ ብቻ ቀድታ በቴሌግራም ላከችልኝ። እኔ ያንን ካንዱ ስልኬ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ፣ በሌላው አሮጌ ስልክ ድምፄን ብቻ እቀዳለሁ፤ እሷ ሁለቱን ታዋህዳለች። ቅጂው ንጹህ እንዲሆን ፒያኖው ከጆሮዬ ወጥቶ መሰማት የለበትም። የቀረኝ እናቴ ከቤት የምትወጣበትን ቀን መጠበቅ ነበር።

ያ ቅዳሜ መጣ። እናቴ የዓመቱን በርበሬ ከገበያ አትገዛም፤ መስቃን ገጠር ወርዳ፣ ከገበሬው እጅ፣ አገላብጣ አይታ፣ ተከራክራ ነው የምታመጣው። ጎረቤት ሳይነሳ በጋሪ ወጣች። ስልኳን ቻርጅ ላይ እንደሰካችው ረሳችው። ከወር በፊት ደም ግፊቷ አሻቅቦ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ብቻዋን እንዳትሄድ ለምኛት ነበር፤ "በርበሬ ሰው ገሎ አያውቅም" ብላኝ ሄደች።

ስለ ወንድሜ አሁን ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ታላቄ ነው፤ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። አባታችን ሲሞት፣ እንደ ደንቡ፣ ሞተ ተብሎ አልተነገረውም። "አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል" ተብሎ ተደወለለት። ይህን ቋንቋ የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ወንድሜ ግን ቃሉን እንደወረደ ተቀበለው። ትንሽ ነው ብለውኛል አለና የጀመረውን ሥራ ጨርሶ በማግስቱ ደረሰ። ቀብሩ አልቆ ነበር። እናቴ ነገሩን በሆዷ ብትይዘው ደግ ነበር፤ በአንድ መስቀል፣ ክትፎው ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ፣ "አባቱን ሳይቀብር የቀረ" ብላ ፊት ለፊቱ አወጣችው። ወንድሜ እጁን ታጥቦ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መስቀል አለፈ፣ አልመጣም። የጉራጌ ልጅ ለመስቀል ቤቱ አልገባም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። እናቴ ስሙን መጥራት ተወች፤ "ያ ልጅ" ነው የምትለው። ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ግን የያዘችውን ሥራ ትታ ታዳምጣለች።

እንግዲህ እናቴ ስትወጣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ብርድ ልብሶች ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ጥሪ እንዳያቋርጠኝ ስልኬን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግሁ፤ የእናቴንም ስልክ ድምፁን አጠፋሁት። ጀመርኩ። መጀመሪያ ጉሮሮዬ አልከፈት አለ። ቀጥሎ የሰው ዶሮ ጮኸብኝ። ከዚያ ቃል ጠፋኝ። ደገምኩት፣ ደጋገምኩት፣ በራሴ እየተናደድኩ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እኔ ፒያኖውን እየሰማሁ በሰላም እየተጓዝኩ ነው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ያለው ሰፈር የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ በር ዘግታ፣ በማይታወቅ ቋንቋ፣ እየጮኸች፣ ድንገት ፀጥ እያለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየተነሳች ድምጿን ወደ ታች የምትጎትት ሴት። የምትለው ባይገባቸውም የምታደርገው ገብቷቸዋል። ሙሾ ነው። ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩታም ነበር አሉ፤ እኔ ምን ሰምቼ!

በመጨረሻ አንዱ ተሳካልኝ። ሦስተኛውን ተመለስ እስከ ጠርዙ ይዤ፣ ትንፋሼ አልቆ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ቆሜ ሳለሁ በሩ ተበርግዶ ጎረቤታችን ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ያ ቅጂ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ፤ የእኔ ድምፅ ሲያልቅ የእሷ "ዋይ! ዋይ እህቴን!" ይከተላል። ለውድድር የሚላክ አልነበረም።

"ልጄ፣ ምነው ሳትጠሪኝ? ብቻሽን?" አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ምን ሆነው ነው እትዬ?"

"ሌሊት ነው? ሳይነጋ ነው እናትሽ ያረፈችው?"

"ኧረ እማዬ መስቃን ናት! በርበሬ ልትገዛ ወጥታ ነው።"

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ በአዘኔታ አየችኝ። "እሺ የኔ ልጅ" አለች። "በርበሬ ልትገዛ ነው። እሺ። በይ ቁጭ በይ፣ ውሃ ላምጣልሽ።"

ዘፈን እየዘፈንኩ ነው አልኳት። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውጥቼ ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ፒያኖውን ሰማችና ቀስ ብላ አወለቀችው፤ እናቷ ሞታ ሙዚቃ የምትሰማ ልጅ አእምሮዋን ስታለች ብላ እንዳሰበች ከፊቷ አነበብኩ። የእናቴ አልጋ ባዶ ነው፣ ስልኳ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሁሉም በእኔ ላይ ይመሰክራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በመጨረሻ እጇን ይዤ በሩ ኋላ ወስጄ የበርበሬ ጆንያዎቹና ጃንጥላዋ ቦታቸው ላይ አለመኖራቸውን አሳየኋት። እናቴ ያለዚያ ጃንጥላ ወደ ገጠር እንደማትወጣ ሰፈር ሁሉ ያውቃል። ጎረቤታችን ባዶውን ቦታ ትንሽ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

"ወይ ጉዴ! ለሐጂ ነግሬያቸዋለሁ" አለች።

ሐጂ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው፣ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። እየሮጥኩ ስወጣ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው፣ ስልካቸውን እንደያዙ ወደ እኛ ሲመጡ መንገድ ላይ ተገናኘን።

"አላህ ያጽናሽ ልጄ..."

"ሐጂ፣ እማዬ አልሞተችም! እኔ ነኝ ስዘፍን የነበርኩት!"

ሐጂ ብልህ ሰው ናቸው፤ ፊቴን አንድ ጊዜ አይተው አመኑኝ። "አልሐምዱሊላህ!" አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ለወንድምሽ ደውያለሁ" አሉኝ።

"ምን አሉት?"

"ምን እላለሁ? መርዶ በስልክ አይነገርም። እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ብቅ በል አልኩት።"

ያችኑ ቃል! ከሁሉም ሰው መርጠው፣ በዚያች ቃል አንድ ጊዜ ለተቃጠለው!

ሐጂ እዚያው ቆመው መልሰው ደወሉ፣ ድምፁንም ከፍ አደረጉልኝ። ወንድሜ መኪና ውስጥ ነው፤ ክላክስ ይሰማል። "ልጄ፣ ተሳስተን ነው" አሉት። "እናትህ ደህና ናቸው። ወላሂ ደህና ናቸው።"

ወንድሜ በቀጭን ድምፅ "ገባኝ ሐጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ። "ቀብሩን ብቻ አቆዩልኝ። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ እስክደርስ አቆዩልኝ።"

ስልኩን ነጠቅኳቸው። "እኔ ነኝ! ስማኝ፣ እማዬ መስቃን ሄዳለች፣ ስልኳን ረስታ ነው። እኔ በር ዘግቼ ዘፈን ስቀዳ ጎረቤት ለቅሶ መስሏት..." የራሴ ድምፅ ለራሴ ተሰማኝ። ከዚህ የበለጠ ለቅሶ ቤት የተፈበረከ የሚመስል ወሬ የለም።

"አቅርቢያት" አለኝ።

"ነገርኩህ እኮ፣ ገጠር..."

"አንቺም? ለአባዬ ጊዜ ሁላችሁም አሞኛችሁኝ። ዛሬስ አልሞኝም።"

"ማን ነው የሚነዳው?"

"እኔ" አለና ዘጋው። ከዚያ በኋላ ብንደውል ብንደውል አላነሳም።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ወንድሜ በሰላሙ ቀን እንኳ ሲነዳ እግሩ ከባድ ነው። ከዓለም ገና ወዲህ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ፤ የጭነት መኪናው፣ ጋሪው፣ ድንገት የሚያቋርጠው ከብት፣ ቁልቁለቱ። ያንን ሁሉ እያለቀሰ፣ እናቴ ሳልደርስ አፈር ልትገባ ነው እያለ ይነዳዋል። እውነቱን ብንነግረው አያምንም፣ ምክንያቱም ውሸቱም ልክ እንዲህ ነው የሚነገረው። ሐጂ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ" እያሉ ጭናቸውን ይመቱ ነበር። የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቴ የራሷ ድምፅ። ባጃጅ ኮንትራት ይዘን አንድ የሰፈር ሰው ወደ መስቃን ላክን።

ባጃጁ ሳይመለስ ሰው መምጣት ጀመረ። በእኛ ሰፈር ለቅሶ የሰማ ሰው ቤቱ አይቀመጥም። ጎረቤታችን ነጠላዋን አስተካክላ በር ላይ ቆማ "ስህተት ነው፣ ደህና ናት፣ ግቡ" ትላለች፤ ደህና ከሆነች ለምን ይገባሉ ብዬ ብናደድ ማን ሰምቶኝ? ለቅሶ የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ነው። ደግሞም "ልጁ እየመጣ ነው አሉ" ተባለ፤ ልጁ እየመጣማ ሰው እንዴት ይሄዳል? የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ግቢያችን ውስጥ ተደረደሩ። እውነቱን ያመኑት ስለ ወንድሜ በለሆሳስ ያወራሉ፤ ያላመኑት እኔን አይተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንዲት የማላውቃት ሴት ጀርባዬን እያሻሸች "አልቅሽ፣ ይወጣልሻል" አለችኝ። ልገፈትራት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ባጃጁ ባዶውን ተመለሰ። እናቴ ካንደኛው ገበሬ ገዝታ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወደ ሌላው ተሻግራለች፤ ባጃጅ በዚያ አያልፍም። ሐጂ ወንድሜን ከተማ መግቢያ ላይ አስቁሞ የሚነግረው ሰው አስፋልቱ ዳር አቁመው ነበር። ያ ሰው ወሬ ይዞ ተመለሰ። ከአዲስ አበባ የገባ የሚኒባስ ሹፌር ኬላ የምትባለውን ከተማ አልፎ አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ፣ ሰው ከቦት አይቷል። ምን ዓይነት መኪና ተብሎ ሲጠየቅ ነጭ ነው ብሏል። የወንድሜ መኪና ነጭ ነው።

"ነጭ መኪና የማይነዳ ማን አለ?" አሉ ሐጂ።

ደወልኩ። ቀድሞ ይጠራ የነበረው ስልክ አሁን ተዘግቷል፤ ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴት በተረጋጋ ድምፅ ነገረችኝ። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ዘፈኑን ጠላሁት። ተመለስ እያሉ መዝፈን ቀላል ነው፤ ፒያኖ በጆሮሽ ይዘሽ፣ ቃሉን አሳምረሽ፣ ካልጣመሽ ከመጀመሪያው ጀምረሽ። አሁን ድምፄን አጥፍቼ፣ በአማርኛ፣ ያለ ዜማ፣ ተመለስ እያልኩ ነበር። ጥፋቴ ነው አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። ሰው በቤቱ ዘፈነ። ግን ወንድሜ ከሞተ የገደለው የእኔ ድምፅ እንደሚሆን አውቄው ነበር።

ውጭ ያለው ጉርምርምታ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ስወጣ ጋሪ በራችን ላይ ቆሟል፣ እናቴ በበርበሬ ጆንያዎቿ መሃል ተቀምጣለች።

ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሞታለች ብለው የመጡት ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ አንዷ አማተበች። እናቴ ግን እነሱን አላየቻቸውም። ያየችው ወንበሮቹን ነው፣ የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች ነው። ዓይኗ ሰዉን እየገፋ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። እኔ አለሁ። ከእኔ ሌላ ያላት አንድ ብቻ ነው።

ስሙን ጠራችው። ከዚያ መስቀል ወዲህ ከአፏ ወጥቶ የማያውቀውን የወንድሜን ስም ጠርታ ከጋሪው ወረደች።

"ደህና ነው እማዬ!" ብዬ ሮጥኩ። "እየመጣ ነው! ስህተት ነው፣ አንቺ ሞተሽ መስሏቸው ነው..."

"እየመጣ ነው?" አለች። "በእግሩ ነው ወይስ እያመጡት?"

"ኧረ በሕይወቱ ነው! አነጋግሬዋለሁ!"

"ደውዪልኝ።"

ደወልኩ። ዝግ ነው። ስልኩ አጠገቧ ስለነበር የሴትዮዋን ድምፅ እሷም ሰማችው። ሐጂ ቀረብ አሉና "ወላሂ ደህና ነው፣ እኔም አነጋግሬዋለሁ" አሏት።

እናቴ ረጋ ብላ አየቻቸው። "ሐጂ፣ ባሌ የሞተ ለታ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ደህና ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት" አለች። ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ክፋት የለባቸውም፤ እዚህ አገር ለሀዘንተኛ ደግ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። እነዚያ ሁሉ ደግ ውሸቶች ግን ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ ተሰብስበው እውነቱን አላሳልፍ አሉት።

ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ አትዋሺኝም። ፊትሽን አዙሪልኝ። የደበቅሽኝ ነገር አለ?"

ነጩ መኪና ዓይኔ ላይ ነው። "ምንም የለም እማዬ" አልኳት። እኔም ዋሸኋት።

ትታን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። አንዲት ሴት ስትንሰቀሰቅ "በዓይኔ ሳላየው ማንም እንዳያለቅስ" አለች፤ ሴትዮዋ እንባዋን ዋጠች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እናቴ ያንን ስትሸሽ የኖረች ሴት ናት። አጠገቧ ተቀምጬ ክንዷን ያዝኩ። ጋሪው ላይ የቀረው በርበሬ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ የሚያወርደው አልነበረም። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሲቃረብ ጣቶቿ ይጠብቃሉ፣ ሲርቅ ይላላሉ።

አንዱ መኪና አላለፈም። ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ፍሬኑ ሲጮህ፣ በር ሲከፈት፣ ከዚያ የሰው ድምፅ ሰማን።

"ቀብራችኋታል? ሳልደርስ ቀብራችኋታል ወይ?"

ወንድሜ ነበር። ዓለም ገና ላይ አብሮት የነበረው ጓደኛው መሪውን እንደተቀበለው፣ ደህና ናት እያሉ የሚደውሉ ሰዎች ሲበዙበት ስልኩን ዘግቶ ወደ ኋላ ወንበር እንደወረወረው፣ ኬላ ላይ ከመንገድ የወጣው ነጭ መኪና የሌላ ሰው እንደሆነና ሰዎቹም እንደተረፉ የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት የማውቀው ድምፁን ብቻ ነው። በእግሩ እየሮጠ ይመጣል፣ እየሮጠ ያለቅሳል። "እማዬ፣ አንቺንም? አንቺንም ሳልቀብር ቀረሁ?" ከዚያ አማርኛው አልበቃው ብሎ ወደ ጉራጊኛ ዞረ። ሁለቱንም መስቀል ኬላ ድረስ መጥቶ መመለሱን ነገራት። በሩ ላይ ምን ብሎ እንደሚገባ ስላላወቀ ነው። አባቱ የሞተ ለታ ትንሽ ነው ሲሉት ያመናቸው አባቱ ሊሞት እንደሚችል አስቦ ስለማያውቅ እንደሆነ ነገራት። አንድ ጊዜ ብቻ ቃሉን ብትጠይቀው ኖሮ ይኽን ይነግራት እንደነበር፣ ለምን እንዳልጠየቀችው ጠየቃት።

ብድግ አልኩ። ሮጬ ልይዘው፣ አፉን ልከድነው፣ በሕይወት አለች ልለው። እናቴ አንጓዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። እንደዚያ የሚጨብጥ እጅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

"ተይው" አለች። "ይጨርስ።"

"እማዬ፣ ይሞታል እኮ!"

"ይጨርስ አልኩሽ።"

መላው ሰፈር ፀጥ ብሎ፣ አንዲት ሴት በቁሟ ልጇ ሲያለቅሳት ስትሰማ ተመለከተ። ዓይኗ በሩ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ግጥም ብሏል፤ እንባዋ በአገጯ ወርዶ በርበሬ የነካው ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል። አንጓዬን ያመኛል፤ አላወጣሁትም።

ድምፁ ሰለለ፣ ከዚያ ቆመ። ወንድሜ ጓደኛው ክንዱን ደግፎት በበሩ ገባ። ጫማው አንዱ የለም። መጀመሪያ ወንበሮቹን አየ፣ ከዚያ ሰዉን አየ፤ አስከሬን የት እንዳለ የሚያሳየው ፈለገ። ሰዉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፈለለት። ከመሃል እናቴን ተቀምጣ አገኛት።

አልጮኸም፣ አልሮጠም። እዚያው በሩ አጠገብ መሬት ተቀመጠ። እናቴ አንጓዬን ለቀቀችና ተነስታ፣ በሰዉ መሃል አልፋ፣ ፊት ለፊቱ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ፊቱን ጠረገችለት።

"አልቀበሩኝም" አለችው በጉራጊኛ። "ጠብቄሃለሁ።"